የሰገነቷ ሴት ልጅ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፤ ልብ እያለቀሰ እሱ ይስቃል ለማለት ነው። የሜካፕ ሠሪዋ ጥርስ ግን ያን ቅዳሜ ባዳ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ጠላቷ ሆኖ ዋለ። እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ከረፋዱ መጀመር ይበጃል፤ እናትና ልጅ ተስማምተው ከቤት ከመውጣታቸው በፊት።

እናትየዋ መስታወት ፊት ቆማ ግራጫ ካፖርቷን ትቆልፋለች። የላይኛው ቁልፍ ከወለቀ ቆይቷል፤ በመርፌ ቁልፍ ነው የያዘችው። ዝናብ ቢመጣ ብላ ጃንጥላዋን በር ላይ አስደግፋለች።

«ይህን ያህል መዘነጥ ምን ያደርጋል እማዬ? ጨለማ ውስጥ እኮ ነው የምትቀመጪው» አለቻት ልጇ።

«ወደ ራሴ ፊልም ስሄድ በቤት ልብስ ልሂድ?»

«ያንቺ አይደለም፤ አዲሱ ነው።»

«እሱንም ለማየት ነው የቸኮልኩት። ያቺ አዲሷ ልጅ እንዴት አድርጋ እንደምታነክስ ልይላት። ከባድ ነው እኮ፤ እግሩ ደህና ለሆነ ሰው።»

ሜካፕ ሠሪዋ ልጇ ብሩሾቿን አንድ በአንድ እየጠረገች ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤ የተጠረጉትን ደግማ ጠረገች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየዋ በወጣትነቷ የአንድ ፊልም ሠሪ ድርጅት ሕንፃ ታጸዳ ነበር። በሕፃንነቷ የተሰበረ እግሯ ያለ ወጌሻ ስለገጠመ አጥሮ ቀርቷል። አንድ ቀን ባልዲዋን ይዛ በእንጨቱ ደረጃ ስትወርድ፣ ከታች ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ ዳይሬክተር ሳያዩዋት በፊት ሰሟት። አንደኛው እግር ከበድ ብሎ ይረግጣል፤ ሌላው እየተጎተተ ይከተላል። ረገጠ… ጎተተ። ሰውዬው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። በዚያው ሳምንት ጽዳት ሠራተኛዋ «የሰገነቷ ሴት» የተባለው ፊልም መንፈስ ሆና ቁጭ አለች።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ መብራት፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ቤተሰብ። መንፈሷ ፊቷ አይታይም፤ የሚታየው የቀሚሷ ጠርዝና ሁለት እግሮቿ ብቻ ናቸው፤ የሚሰማው ደግሞ አረማመዷ። ስሟ ከፊልሙ መጨረሻ ላይ አልተጻፈም። ግን ያን ፊልም አይቶ በማግስቱ የቤቱን ደረጃ ያለ ፍርሃት የወጣ ሰው አልነበረም ይባላል።

እናትየዋም ለዓመታት ቀስ ብላ እየሄደች ከሲኒማ ቤቱ የመጨረሻ ረድፍ ትቀመጥ ነበር። ፊልሙን ለማየት አልነበረም፤ ሰው ሲጮህ ለመስማት ነው። መንገድ ላይ ሲያዩዋት የሚስቁ ሰዎች እዚያ ሲሰሟት ይንቀጠቀጡ ነበር።

ለልጇ ግን ፊልሙ ሌላ ዕዳ ሆነ። የትምህርት ቤት ልጆች ነገሩን ሲያውቁ «የሰገነቷ ልጅ» አሏት፤ ከኋላዋ እያነከሱ ተከተሏት። እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ልጅቷ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ትቀድማት ጀመር። አላፊ አግዳሚው እናትና ልጅ መሆናቸውን እንዳይጠረጥር ያህል ብቻ። ሰፈር ቀየሩ፤ ልጅቷም አደገች፤ የሌላውን ሰው ፊት ማሳመርና ማስፈሪያ ማድረግ ተምራ ሜካፕ ሠሪ ሆነች። ስለ እናቷ ግን ለማንም ትንፍሽ ሳትል ኖረች።

ኋላ ሌላ ዳይሬክተር መጣ። ይኼኛው ወጣት ነው፤ እናቱ የትልቁ ሲኒማ ቤት ባለቤት ናቸው። «የሰገነቷን ሴት» እንደ አዲስ ሊሠራት ተነስቶ መንፈሷን የምታስውብ ሰው ሲፈልግ አገኛት። ብሩሽ ከጆሮዋ ላይ ስለማይጠፋ «ብሩሼ» ብሎ ስም አወጣላት።

«ልጅ ሆኜ ያን ፊልም ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ ነው ያየሁት» አላት አንድ ቀን። «እንዲያውም አላየሁትም፤ ሰማሁት ብል ይሻላል። አረማመዷን አልነካውም። ሌላው ሁሉ ቢቀየር እሱ አይቀየርም።»

እሷ ግን በሁሉም ሰው ፊት፣ በስብሰባ መካከል ተነስታ ተቃወመችው። «አካል ጉዳተኛን ማስፈራሪያ ማድረግ ነውር ነው። ሰው በእግሩ አይፈራም። አውጡት» አለች። እሱ እርሳሱን አስቀምጦ ቀና ብሎ አያት። ስብሰባው ተበትኖ ኮሪደሩ ላይ ሲያገኛት ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«እንዳንቺ ያለ ልብ አይቼ አላውቅም» አላት። «እግሩ ይውጣ። እኔም ካንቺ አጠገብ የምሆንበትን መንገድ ፈልጊልኝ።»

ፍቅራቸው በዚያ ቃል ላይ ቆመ። እሷ ግን የተናገረችው ለእናቷ ክብር ብላ አልነበረም። ያ እግር ዳግመኛ በየግድግዳው እንዳይለጠፍ፣ ዳግመኛ «ማን ነበረች?» ተብሎ እንዳይጠየቅ ነበር። ያን እውነተኛ ቃል የገዛ እናቷን መደበቂያ አደረገችው። እሱ ስለ ደግነቷ ባመሰገናት ቁጥር ጉንጯ ይቀላል፤ እሱም ትሕትና ይመስለውና ይበልጥ ይወዳታል።

የእሱ እናት ምሳ ጋብዘው ስለ ቤተሰቧ ሲጠይቋት ደግሞ «እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ሩቅ ነው የምትኖረው» አለች። ለምን እንዳለች ዛሬም አታውቀውም። ወንበሩ ሰፊ ነበር፣ ማንኪያው ከባድ ነበር፣ አፏ ቀደማት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ግን ንጋቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም።

እነሆ ቅዳሜ ደረሰ። ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሏል። መርሐ ግብሩ ዳይሬክተሩ ራሱ ያወጣው ነው፤ መጀመሪያ የድሮው ፊልም የደረጃ ትዕይንት፣ ቀጥሎ የአዲሱ ያው ትዕይንት፣ ከዚያ ጥቂት ውይይት፣ ከእረፍት በኋላ ሙሉ ፊልሙ። ሜካፕ ሠሪዋ ፊት ለፊት የተያዘላትን ወንበር ትታ ከእናቷ ጎን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። «ሥራዬን ከሩቅ ልየው» ብላው ነበር። እውነቱ፣ እናቷ ብቻዋን ሆና ከሰው ጋር እንዳትጨዋወት ፈርታ ነው።

መብራት ጠፋ። አሮጌው ፊልም ተጫጭሮ፣ እህል እንደተበተነበት ሆኖ ተከፈተ። ቤተሰቡ እራት ይበላል። ከላይ ድምፅ ይሰማል። ረገጠ… ጎተተ። ፌስታል የሚያንኮሻኩሽ ሰው ነበር፤ ተወው። ከፊታቸው የተቀመጠ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ እግሮቹን ከወለሉ አንስቶ ወንበሩ ላይ ሰበሰባቸው። የቀሚሱ ጠርዝ ብቅ አለ፤ ከዚያ ጫማው። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ፤ ከመሀል አንዲት ሴት ጮኸች።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናትየዋ ሸራውን አታይም። ዓይኗን ጨፍና አዳራሹን ታዳምጣለች፤ ፊቷ ላይ ቤት ውስጥ ታይቶ የማያውቅ ፈገግታ አለ።

አዲሱ ቀጠለ። ቀለሙ ያበራል፣ ጭሱ ይትጎለጎላል፣ ሙዚቃው ደረት ይደልቃል። መንፈሷ ከነፊቷ መጣች፤ ልጅቷ ስንት ጊዜ ለብጣ ስንት ጊዜ ያፈረሰችው፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ፊት። ደረጃውን ግን አልረገጠችውም፤ አየር ላይ እየተንሳፈፈች እንደ ውሃ ፈሰሰች። እግር የላትም። «ስታምር» አለ አንድ ሰው፤ ሌላው አዛጋ። ፌስታሉም ሥራውን ቀጠለ።

እናትየዋ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። መብራት ሲበራ በሹክሹክታ ጠየቀች፤ «እግሯስ? የቱ ጋ ነው ያለፈኝ?»

«አውጥተውታል እማዬ።»

«ማን?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች።

ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቷል። አዳራሹ እንደቀዘቀዘበት ከአቋሙ ያስታውቃል፤ ማይክራፎኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። አንድ አዛውንት ተነሱ።

«ልጄ፣ ልፋትህን አልንቅም» አሉ። «ግን የድሮው ያስፈራል፤ ያንተው ያምራል። እኛ ልናይ የመጣነው ቆንጆ አልነበረም። ያን አረማመድ ምን ብትለው ተለየህ?»

ማጉረምረም ተነሳ፤ «እውነታቸውን ነው» የሚልም ተሰማ። «ዘመኑ… ማለቴ እኛ ያሰብነው…» አለና ቃሉ ከዳው። ግንባሩ አብለጨለጨ። የሰመጠ ሰው ገለባ ይጨብጣል እንዲሉ፣ ያገኘውን ቀልድ ጨበጠ።

«እስቲ እውነቱን እንነጋገር» አለ። «ያቺ የድሮዋ መንፈስ ሰው ልታሳድድ ነው የወረደችው ወይስ የጠበባትን ጫማ ለባለ ሱቁ ልትመልስ?»

ከዚያም መድረኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነከሰ ሄደበት። ረገጠ… ጎተተ። ከፊት ያሉት ጥቂቶች ሳቁ። እሱ ግን እያነከሰ በዓይኑ የመጨረሻውን ረድፍ ይፈልጋል። ሲያገኛት ዓይኑ ላይ ልመና ነበር፤ አትጣይኝ የሚል። የሚወዱት ሰው በሕዝብ ፊት ሲወድቅ ማየት የሚችል የለም። ሳቀች። ከረድፏ ሁሉ ቀድማ፣ ጮክ ብላ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፤ አዳራሹም ተከትሏት በሳቅ ፈነዳ።

ሳቋን ስትጨርስ እናቷ እያየቻት ነበር። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። አውቶቡስ ላይ ከጎኗ የተቀመጠች የማታውቃትን ሴት እንደምታይ፣ አስተውላ አየቻትና ፊቷን መለሰች። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ የወጣውን ግን አልመለሰውም።

ለእረፍት ሁሉም ወደ ሰገነቱ አዳራሽ ወጣ፤ ከሲኒማ ቤቱ የእንጨት ደረጃ አፍ ላይ ያለው ሰፊ ቦታ ነው። ዳይሬክተሩ ሰዉን እየሰነጠቀ መጣ፤ እናቱም ተከትለውታል።

«ብሩሼ፣ አዳንሽኝ» አላት እጇን ይዞ። «ያ ሳቅሽ ባይሆን እዚያው ደርቄ እቀር ነበር።»

«እኚህ እናትስ?» አሉ እናቱ፣ ግራጫ ካፖርቱን እያዩ በትሕትና።

እናትየዋ እጇን ለሰላምታ ልትዘረጋ ጀምራለች። ልጅቷ የዚያን እጅ ጣቶች አየች፤ የመርፌ ቁልፉን አየች፤ የወይዘሮዋን ዕንቁ አየች።

«ጎረቤታችን ናቸው» አለች። «ፊልም ስለሚወዱ ይዣቸው መጣሁ።»

ከአፏ ሲወጣ ሰማችው። አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «አንቺ» ስትላት የኖረችውን እናቷን በአንድ ትንፋሽ «እሳቸው» አደረገቻት።

የተዘረጋው እጅ መንገድ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሥራውን ጨረሰ፤ ወይዘሮዋን ጨበጠ።

«አዎ፣ ጎረቤት ነኝ» አለች እናትየዋ።

«እንግዲያው እናቷ ከሩቅ ሲመጡ ያገኟቸዋላ። እኛማ አልታደልንም፤ ልጄ ሊያገባት ነው፣ እናቷን ግን አላየናቸውም። እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?»

«ምን ልበልዎ… ብዙም አትከፋም» አለች እናትየዋ። «ልጇን ትወዳለች።»

«ደስ ይላል። ገና ፊልሙ አለ፤ ቁጭ ይበሉ እንጂ።»

«አመሰግናለሁ። የቀረውን አውቀዋለሁ።»

ማንንም ሳትሰናበት ወደ ደረጃው ዞረች። ልጅቷ እግሯ ከወለሉ ጋር የተሰፋ መሰላት። ዳይሬክተሩ ስለ አዛውንቱ ያወራል፤ ሰው ሁሉ ለድሮ ነገር ስለማድላቱ፣ ስለሚቀጥለው ሳምንት። ምንጣፉ አልቆ እንጨቱ ሲጀምር ድምፁ ከታች መጣ።

ረገጠ… ጎተተ።

ዳይሬክተሩ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። እጁ ሳያዘው ወደ ዓይኑ ተነሳ፤ ልጅ ሆኖ ያደርግ እንደነበረው፤ ከደረቱ ላይ ሲደርስ ቀረ። ወደ ደረጃው መደገፊያ ሄዶ ቁልቁል አየ። ደረጃው ስለሚታጠፍ ፊቷ አይታይም። የሚታየው የግራጫ ካፖርት ጠርዝና ሁለት እግሮች ብቻ ነበሩ።

ሲዞር ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ጎረቤታችሁ ናቸው?»

«እናቴ ናት» አለች።

«ምን አለች?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ፊታቸው ነው ያነከስኩት» አለ እሱ፣ ለራሱ ያህል። «እዚያ ተቀምጠው… ፊታቸው።»

«እኔም ሳቅሁ።»

«አንቺ እኮ ነሽ ነውር ነው ያልሽኝ። በዚያ ቃልሽ እኮ ነው የወደድኩሽ።»

«ለእሷ ብዬ አልነበረም።» ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ፤ ግን አላቆመችም። «እንዳትታወቅብኝ ብዬ ነው። ፊልምህንም የገደልኩት እኔ ነኝ። የወደድካት ሴት የለችም፤ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ጠበቀችው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ወደ ገዛ እግሮቹ ተመለከተ፤ አሁን ገና መድረኩ ላይ ያደረጉትን ያየ ይመስል። በአዳራሹ ሙሉ ሰው መሀል ሁለቱ ብቻ አንድ ዓይነት ኀፍረት ለብሰው ቆሙ፤ አንዱ የሌላውን መሸፈን አልቻለም። ልጅቷ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

ከውጭ ጎዳናው ላይ ዘንቦ አባርቷል። እናትየዋ የቲኬት መሸጫውን አልፋለች።

«እማዬ» ብላ ተጣራች። ተሰልፈው የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩ፤ አንደኛዋን አዩ፣ ሁለተኛዋን አዩ። ልጅቷ ደግማ፣ ከበፊቱ ጮክ ብላ ተጣራች። እናትየዋ አልቆመችም፤ አልፈጠነችምም። ደረሰችባት።

«ይቅር በይኝ።»

«ሁሉም ሲስቅ ሰማሁ» አለች እናትየዋ ፊት ለፊቷን እያየች። «ለዚያ ሳቅ እንግዳ አይደለሁም። ያንቺን ግን ከመሀል ለይቼ ሰማሁት። ስታድጊ የሰማሁት ሳቅ ነው፤ አይጠፋኝም።»



«አንድ ቦታ ነበረችኝ» አለች እናትየዋ ቀጥላ። «ውጭ የሚስቅብኝ ሰው እዚያ ሲገባ ይፈራኝ ነበር። ትንሽ ነገር ናት፤ ለሰው ቢነግሩት ያስቃል። የኔ ግን እሷ ነበረች።»

«እግሩን ያስወጣሁት እኔ ነኝ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ማን ብዬ ስጠይቅሽ ጫማሽን ስታዪ አወቅሁ።»

መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከኋላቸው ሌላ ዝግ ያለ እርምጃ ይሰማል። ልጅቷ ዞር ብላ አየች። ዳይሬክተሩ ነው፤ ባዶ ራሱን፣ በዚያ ለዕለቱ በተሰፋ ሱፉ፣ ወንበር ላይ የተረሳውን አሮጌ ጃንጥላ በሁለት እጁ ይዞ ይከተላቸዋል። እነሱ ሲያዘግሙ ያዘግማል፤ ሲቆሙ ይቆማል።

«ያ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚከተለን?»

«ጃንጥላሽን ይዞልሽ ነው።»

«ታዲያ አይሰጠኝም?»

«አፍሮ ነው።»

እናትየዋ ገልመጥ ብላ አየችውና ከንፈሯን መጠጠች። «ግጣምሽን አግኝተሻል» አለች። የሚያስቅ ነገር ነበር፤ የሳቀ ግን የለም።

መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ከማዶ ሰው በብዛት መጣ። የሥራ ልብስ የለበሱ፣ ልጆች ያዘሉ፣ በቡድን የሚንጫጩ ወጣቶች። እናትየዋ ድንገት እርምጃዋን ቀነሰች፤ ከልጇ ወደ ኋላ ቀረት አለች።

«ምነው እማዬ? አመመሽ?»

«ቅደሚ እንጂ፤ ሰው እየመጣ ነው» አለች እናትየዋ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ከትምህርት ቤት ስንመለስም እንዲህ ነበር የማደርግልሽ። እንዳትሮጪና እንዳይደክምሽ።»

ልጅቷ ደርቃ ቀረች። በዚያ ሁሉ ዘመን እናቷ ሳታውቅባት ፈጥና የቀደመቻት መስሏት ኖራለች። ለካ እናቷ ነበረች የምትዘገይላት።

ሰዉ ደረሰባቸው፤ በግራና በቀኝ አለፋቸው። አንዳንዱ የእናትየዋን እግር አየ፤ አንዳንዱ ፈገግ አለ። ልጅቷ የእናቷን ክንድ ይዛ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ ስትረግጥ አብራ ረገጠች፤ ስትጎትት አብራ ጠበቀች። ፊቷ በኀፍረት ይነድ ነበር። በእናቷ ግን አልነበረም፤ ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።